ዜሮና ባዶ

ሥራዬ መገልበጥ ነው፤ ከአሮጌ መዝገብ ላይ፣
ከብል አፍ የተረፈ የዝናብና የፀሐይ
ቁጥር ቁጥሩን ለቅሞ ለኮምፒውተር መስጠት፤
የሠላሳ አንድ ዓመት የጅማ ሰማይ ዕለት በዕለት።

የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው፣ በየገጹ ተራ፤
ግርጌው ላይ ፊርማው አለ፦ «ተማም አባዱራ»።
ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ጤዛ ሳይደርቅ ከሣሩ፣
ነጩን የእንጨት ሳጥን ገርበብ አድርጎ በሩን፣
ሙቀቱን ያነባል፣ ዐይኑን ከቁጥሩ አስተካክሎ፣
ጎንበስ ያለ እንደሆን መስተዋት ይዋሻል ብሎ።
ከዚያ የዝናቡን ጣሳ ከማቀፊያው አውጥቶ፣
በቀጭኑ ብርጭቆ ጠብ ሳያደርግ ቀድቶ
ይሰፍራል። ይጽፋል።
ካፊያው ጣሳውን አርሶ ለመስፈር ካነሰ፣
«ጠ» ብሎ ይጽፋል፤ ጠብታም ነው፣ ደረሰ፤
አይናቅም ማለት ነው ምድርን የዳሰሰ።

«ነገ ይዘንባል ወይ?» ሲሉት በሂርማታ ገበያ፣
«የነገን ጠንቋይ ጠይቁ፤ እኔ ለትናንት ነኝ መለኪያ።»

ዜሮ ማለት ሌላ፦ ሄጄ አየሁ፣ የለም።
ባዶ ማለት ሌላ፦ ያየ ሰው የለም።
እነዚህን ሁለት ያምታታ ጸሐፊ፣
በጠብታ ቀለም ነው ለምለም አገር አጥፊ።

የአስተያየት ዓምዱ ጠባብ ነው፤ ግን አለ፦
«ጦጣ ጣሳ ደፋ፤ ልኬቱ ጎደለ።»
«አዌቱ ድልድዩን ዋጠ፤ ዞርኩ በተራራው።»
«ቡናው ያለ ወሩ አበበ፤ ማነው የጠራው?»

እንዲህ ስገለብጥ፣ በአንድ ሰኔ መሐል፣
አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ነጭ ሆኖ ይታያል።
ጭረት የለ፣ ነጥብ የለ፣ አስተያየት የለ፤
የሠላሳ አንድ ዓመት ግድግዳ እዚህ ጋ ተነደለ።

ፕሮግራሙ ብልህ ነው፤ «ልሙላው?» ይለኛል፤
«አጋሮ፣ ሰቃ፣ ሊሙ ቁጥር ያበድሩኛል፤
አማካዩን ወስጄ ክፍተቱን ብሸፍነው፣
ማን ይለየዋል? ከእውነት የተወለደ ነው።»

ጣቴ ከቁልፉ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤
በማግስቱ በባጃጅ ቆጪ ሄድኩ፤ ካፊያ ነበረ።
በመዝገብ «እሱ» ያልኩት፣ በአካል «እርስዎ» ሆኑ፣
ሞራ በጋረደው ዐይን ደመና ሲያስተነትኑ።
«ሰኔ ዘጠና ሁለት» አልኳቸው። ዝም አሉ።
ጣቶቻቸው ብቻ ጉልበት ላይ ቀን ይቆጥራሉ።

«ያኔ ነው» አሉ በኋላ፤ «ልጄ ዙልፋ የታመመች፤
በአሥራ አንደኛው ሌሊት ከእጄ አመለጠች።
ዝናቡማ ዘንቧል፤ የሆስፒታሉ ቆርቆሮ ላይ ሰምቻለሁ፤
የትኛው ቀን እንደከበደ ዛሬም አውቀዋለሁ።
ግን ጆሮ አይሰፍርም ልጄ፤ እንባም መለኪያ የለው፤
ያልሰፈርኩትን ዝናብ በምን አፌ ሰፈርኩ ልበለው?
አንቺም እንዳትሞዪው፤ ባዶው ባዶ ይሁን፤
ይጠይቅ የሚያነብ ሰው፣ ሰፋሪው የት ነው አሁን?»

ተመልሼ ገባሁ። የጎደለ ማለት፣
«ዘጠና ዘጠኝ በአሉታ» ጻፍኩ ለየአንዳንዱ ዕለት፤
አሥራ አንድ ጊዜ።

ከዚያ መስመሩን ሣልኩት፤ የዓመታቱን ጠመዝማዛ፤
ሌሊቱ ሞቅ ሞቅ ብሏል፤ ሳስቷል የጠዋቱ ጤዛ፤
በልግ አንዴ ቀድሞ ይመጣል፣ አንዴ ቀርቶ ሲንዛዛ።
በመሐሉ መስመሩ አሥራ አንድ ቀን ይቆማል፤
ትንፋሹን እንደዋጠ ሰው። ከዚያ ይቀጥላል።

አዲሱ ጣቢያ ሣሩ ላይ ቆሟል፤ በየሩብ ሰዓቱ ይልካል፤
ልጅ የለው፣ አይታመምበት፤ ሌት ተቀን ይለካል።
ዛሬ ጠዋት ከደጁ ካፊያ ቢጤ ጀመረ፤
የጣሳውን ከንፈር አርሶ ወዲያው ተሰወረ።
መሣሪያው «ዜሮ» አለ።
እኔ ግን ወጥቼ፣ በመዳፌ ነክቼ አይቻለሁ፤
በእርሳስ፣ ከአሮጌው መዝገብ መጨረሻ ገጽ ላይ፣
«ጠ» ብዬ ጽፌአለሁ።